ያልተበሳው ሳህን

መጋቢት 11

ይድረስ ለቁንጫዬ፣

ከክፍል ክፍል ስትዘዪ ይህች ደብዳቤ የትኛው ደጃፍ ላይ እንደምትደርስብሽ እንጃ። ከደረሰችብሽ ግን ጤናሽን፣ ሥራሽንና እንቅልፍሽን ፈጣሪ ይጠብቅልሽ። እኔ ደህና ነኝ። አያትሽም ደህና ናት። ሁለታችን አንድ ላይ ግን ደህና አይደለንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወንዙን ዳር መሬት ዱባ ስንዘራ እኔ ከፊት በእንጨት እየወጋሁ እሄዳለሁ፤ እሷ ከኋላ ፍሬ ትጥልና በተረከዟ ትደፍናለች። አርባ ሁለት ዓመት! እኔ ወደ ኋላ አላይም፤ አባቴ «ወደ ኋላ ያየ ዘሪ መስመሩ እንደ እባብ ይጠማዘዛል» ብሎ በኩርኩም ነው ያስተማረኝ። ስለዚህ ይህን ሁሉ ዓመት ከኋላዬ የምሰማው ኮቴዋንና ማጉረምረሟን ብቻ ነው። በየጉድጓዱ ሦስት ሦስት ፍሬ ትቆጥራለች፦ «አንዱ ለወፍ፣ አንዱ ለጉንዳን፣ አንዱ ለኛ።» እኔ መስመሩን ጨርሼ ጥላ ሥር ስቀመጥ እሷ ገና ከጉንዳን ጋር ሒሳብ ላይ ናት።

ባለፈው ሳምንት ከጎረቤት ጋር ተሰብስበን ስንጫወት አፌ አላርፍ አለ። «እኔ እኮ ቀንድ አውጣ ነው ያገባሁት» አልኩ። «እሷ አንድ መስመር እስክትጨርስ የፊተኛው ዱባ በስሎ ይጠብቃታል። ዘንድሮ ማሽን አምጥቼ አሳርፋታለሁ።» ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈችና፣

«ማሽንህን አምጣ» አለች። «ከእንግዲህ ካንተ ኋላ ሄጄ አንዲት ፍሬ ብጥል ከሰው አልቆጠር!»

በሰው ፊት ማለች። አያትሽ ደግሞ የማለችውን እንደማታጥፍ ታውቂያለሽ፤ አንድ ጊዜ ከወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ጋር ተጣልታ ስድስት ዓመት ሌላ ሠፈር ድረስ ስትሄድ እህሉን የተሸከምኩት እኔ ነኝ።

ይባስ ብሎ በማግሥቱ ሚዛኑ አጎትሽ መጣ። እህል መነገድ ከጀመረ ወዲህ ወላጆቹንም በኪሎ ነው የሚያየን። «አባባ፣ ደክማችኋል፤ ጡብ ሠሪዎቹ አፈሩን ወደውታል፤ እናከራያቸው» አለኝ። ጡብ ሠሪ እኮ አፈር ወስዶ ጉድጓድ ነው የሚመልስልሽ! ስንጨቃጨቅ ውለን በመጨረሻ ተስማማን፦ ሰኔ አንድ ቀን ሲመጣ መሬቱ ያለ ቅጥር ሠራተኛ ተዘርቶ፣ በቅሎ ካገኘው ሁለተኛ የኪራይ ነገር አያነሣም። ካልበቀለ ጡብ ሠሪዎቹ በሳምንቱ ይገባሉ።

እሺ ስለው ከአያትሽ ጋር መኳረፌን ረስቼው ነበር።

የምትሠሪበት ወርክሾፕ አንድ ሰው ብቻውን እየገፋ የሚዘራበት ማሽን እንዳለ ነግረሽኝ አልነበር? እሱን ላኪልኝ። ቶሎ። መቀመጥ አቅቶኛል፤ ዱካው እሾህ አብቅሏል።

ፈጣሪ እጅሽን ይባርክ፣ እግርሽን ደግሞ ያሳርፍልሽ።

አያትሽ

—

ሚያዝያ 4

ይድረስ ለምወድዎ አባባ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ሳልዎ? ስለ ምላስዎ አልጠይቅም፤ ፍጹም ጤነኛ እንደሆነ ከደብዳቤዎ አይቻለሁ።

ደብዳቤዎ የቀድሞዋ አከራዬ መሳቢያ ውስጥ ሁለት ሳምንት ተኝታ ነው ያገኘኋት። አዎ፣ ቤት ቀይሬያለሁ፤ አይሳቁ። የፊተኛው ክፍል ከጎማ ቤት በላይ ነበር፤ ጎማ በተነፋ ቁጥር አልጋዬ አብሮ ይነፋ ነበር። ይኼኛውም ቢሆን ግድግዳው ላይ ያለው እርጥበት አላማረኝም።

«ቀንድ አውጣ» አሉ? በሰው ፊት? አባባ፣ አንዲት «ይቅርታ» ማለት እኮ ማሽን በጭነት መኪና ከመላክ ይቀላል። ግን አውቅዎታለሁ፤ ከጥርስዎ ይቅርታ ከሚነቀል ጥርሱ ቢነቀል ይመርጣሉ።

ስለዚህ ማሽኑን ልኬያለሁ። ወርክሾፓችን ጓሮ ዝጎ የተጣለ ነበር፤ ኃላፊያችን «ካነቃሽው ውሰጂው» አለኝ። ከሥራ በኋላ አምስት ቀን ለፍቼ አነቃሁት። ፈትቼ በሦስት ጆንያ ከትቼዋለሁ። ከፊት ጎማው አለ፤ ከጎማው ኋላ የፍሬው ሳጥን፤ ከሳጥኑ ሥር ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር ሳህን። ከታች መሬቱን የሚከፍት ቢላ፣ ከኋላ አፈሩን የሚመልስ ሰንሰለት አለው። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ሳህኑ ነው። ስለ እሱ በሰፊው መጻፍ አለብኝ፤ አሁን ግን የጭነት መኪናው ሹፌር በር ላይ ቆሞ ጡሩንባውን እየነፋ ነው። ቀጣዩ ደብዳቤዬ ሳይደርስዎ ፍሬ እንዳይጨምሩ፣ አደራ!

እማማን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ። ኩርፊያው ካልፈቀደ በሩቁ ይሳሙልኝ።

የልጅ ልጅዎ

—

ሚያዝያ 9

ይድረስ ለአባባ፣

ሰላምታው በቀደመው ደብዳቤ የላክሁት ነው፤ ካላለቀ ከዚያው ይጠቀሙ። ይህችን ሹፌር ስላጣሁ በፖስታ ልኬያታለሁ።

ሳህኖቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ዙሪያውን ሃያ ቀዳዳ አለው፤ ለካሮት፣ ለቀይ ሥር፣ ተጠጋግቶ ለሚዘራ ሁሉ ነው። ዱባ ግን እርስ በርሱ ተራርቆ ካልተዘራ ተናንቆ ይቀራል። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰፊ ርቀት የተዘጋጀ ሳህን አይሸጥም፤ ያልተበሳ ሳህን ተወስዶ እንደየሰው ፍላጎት ይበሳል። የሚያብረቀርቀው ሳህን እሱ ነው። ሠፈር ላለው በያጅ ይስጡትና ጠርዙ ላይ አንዲት ቀዳዳ ብቻ፣ ከዱባ ፍሬ ጥቂት ሰፋ አድርጎ ይብሳት። ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር አንድ ፍሬ ይወድቃል፤ አንድ ዙር ደግሞ የእርስዎ አንድ ተኩል እርምጃ ነው። ርቀቱ ልክ እንደ ድሮው።

ሳይበሳ እንዳይገቡበት። «ቀጭ ቀጭ» የሚለው የጎማው ጥርስ ነው፤ ፍሬ ወደቀ ማለት አይደለም።

ከነገ ወዲያ ቤት እቀይራለሁ። አድራሻዬን ከታች ጽፌያለሁ፤ የድሮውን ይሰርዙት።

የልጅ ልጅዎ

—

ሚያዝያ 29

ይድረስ ለቁንጫዬ፣ ለማሽን አናጋሪዋ፣

ሰላምታዬ ከጤናና ከዕድሜ ጋር ይድረስሽ። ዘርቼ ጨረስኩ!

ሦስቱ ጆንያ በደህና ደረሱ። ስለ ሳህኑ የምትጽፊልኝን ደብዳቤ ዐሥር ቀን ጠበቅሁ። ዐሥር ቀን ሙሉ ፖስታ ቤት እየሄድኩ ስጠይቅ ፖስተኛው ከሩቅ ሲያየኝ እጁን ማወናጨፍ ጀመረ። ደመናው ደግሞ ቀን በቀን ዝቅ ይላል። ቢቸግረኝ በራሴ ጭንቅላት ሠራሁበት። የቀዳዳ ብዛት ያለውን ሳህን በምስር ሞከርኩት፤ እንደ ፍየል በጠጥ አንጠባጠበው። ያንን ወረወርኩና የሚያብረቀርቀውን አስገባሁ። ቀዳዳ የለውም። ጥቂት አሰብኩና ገባኝ፦ ቀዳዳ የበዛበት ለጠባብ ርቀት ከሆነ፣ ለሰፊ ርቀት ቀዳዳ አያስፈልግም፤ ፍሬው በጠርዙ በኩል እየተንሸራተተ ይወርዳል! የዛሬ ልጆች ብቻ አይደላችሁም ጭንቅላት ያላችሁ።

ደግሞም ሰማሁት። ገፋ ሳደርገው «ቀጭ»፣ አንድ ተኩል እርምጃ፣ «ቀጭ»። እንደ ሰዓት! አሥራ ስድስት መስመር በሁለት ቀን። አንድም ጊዜ ወደ ኋላ አላየሁም፤ መስመሩ እንደ ተወጠረ ገመድ ነው። በየመስመሩ ጫፍ ማሽኑን አቁሜ ጥላ ሥር ዓይኔን ጨፍኜ አርፋለሁ። ሳጥኑን ሳየው ፍሬው እየጎደለ፣ እየጎደለ፣ በሁለተኛው ቀን የመጨረሻው መስመር ሲያልቅ ሙልጭ አለ። ለዘር ያስቀመጥነው ሦስት ጣሳ ፍሬ ሁሉ መሬት ገብቷል። ልቤ ሞላ።

አያትሽም መጥታ ነበር። ለኔ እንዳይመስልሽ! «እንጨት ልለቅም ነው» አለች፤ ያውም ለኔ ሳይሆን ለዶሮዋ ነው የነገረቻት። ሁለቱንም ቀን እዚያው ሜዳ ላይ ስትንጎዳጎድ ዋለች። ወደ ቤት ስንመለስ ወገቧን ይዛ ታቃስታለች። «ምን ሆንሽ?» ስላት «እንጨት ነው» አለች። በሁለት ቀን የለቀመችው እንጨት ሦስት ጭራሮ ነው። አየሽ እርጅናን? ያለ ማሽን ምን እሆን ነበር?

ትናንት ዝናብ ጣለ። አሁን የቀረኝ መጠበቅ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ አልችልበትም።

ለሰንሰለቱ ዘይት ላኪልኝ። ያቺን ደብዳቤሽን ግን ተያት፤ አላስፈለገችኝም።

አያትሽ፣ ባለማሽኑ

—

ግንቦት 6

ይድረስ ለልጄ፣

ፈጣሪ ሰላምሽን ያብዛው፤ የኔን ስለወሰደው ላንቺ ትርፍ አይጠፋውም።

ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰች። ፖስተኛው እየሳቀ ነው የሰጠኝ። «ሳይበሳ እንዳይገቡበት» የምትለው ላይ ስደርስ የቆምኩበት ተቀመጥኩ። ከሥሬ መቀመጫ አልነበረም።

እንግዲህ ልጄ፣ አያትሽ ሁለት ቀን ሙሉ አየር ዘርቷል። አሥራ ስድስት ቀጥ ያለ የአየር መስመር።

ግን አንድ ነገር አልገባ አለኝ፤ እሱ ነው የሚያሳብደኝ። ሳህኑ ቀዳዳ ከሌለው ሳጥኑ እንዴት ባዶ ሆነ? ሦስት ጣሳ ፍሬ የት ገባ? ማሽኑ በላው? ፈትቼ አየሁት፤ ሆዱ ባዶ ነው። ሄጄ ቆፈርኩ፤ በመስመሩ ላይ አንድ ክንድ ያህል ቆፍሬ አፈር ብቻ አገኘሁ። ግን ርቀቱ ሰፊ ነዋ! አንድ ክንድ ባዶ መሆኑ ምን ይነግረኛል? ሌላ ቦታ እቆፍራለሁ ብዬ ስጎነበስ ጎረቤት አጥሩ ላይ ተደግፎ ያየኛል። ለሚዛኑ ወሬ የሚያቀብለው እሱ ነው። «ምን ጠፋብህ?» አለኝ። «ቀለበቴ» አልኩት። «ቀለበት ነበረህ እንዴ?» አለኝ።

አንድ ቦታ አልቀመጥም። ጠዋት እሄዳለሁ፣ ከምሳ በፊት እሄዳለሁ፣ ከምሳ በኋላ እሄዳለሁ። ቤት ስገባ ዱካውን ከበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር አዛውራለሁ። ቁንጫነትሽ ከማን እንደመጣ አሁን ገባኝ። አያትሽ ከተኳረፍን ወዲህ ሳልጠይቃት ለመጀመሪያ ጊዜ ዛሬ አናገረችኝ፤ «ምነው፣ ጉንዳን ሱሪህ ውስጥ ገባ?» አለችኝ። ልነግራት አሰብኩ። ምን ልበላት? «ቀንድ አውጣ ብዬ ያሳረፍኩሽ ለዚህ ነው» ልበላት?

ሰኔ አንድ ሃያ አምስት ቀን ቀርቶታል። የዱባ ፍሬ ላኪልኝ። ቤት ውስጥ አንዲት ፍሬ የለችም፤ ከጎረቤት ብለምን በሰዓቱ ሚዛኑ ጆሮ ይገባል። ዘይቱን ተይው፤ ፍሬውን በመጀመሪያው ሹፌር ላኪ።

ለማንም አትንገሪ። በተለይ ለአያትሽ።

አያትሽ

—

ግንቦት 17

ይድረስ ለአባባ፣

ሁለቱ ደብዳቤዎችዎ አንድ ቀን እጄ ገቡ። አንዷ ሁለት አሮጌ አድራሻ ዞራ ነው የደረሰችኝ። የመጀመሪያዋን ሳነብ ሳቅሁ፤ ሁለተኛዋን ሳነብ ወርክሾፕ ውስጥ ቁልፍ ከእጄ ወድቆ ኃላፊያችን «ማን ሞተብሽ?» አለኝ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ሹፌሩን አምስት ደቂቃ ብቻ አስቁሜ ሳህኑን በሁለት መስመር ብጽፍልዎ ኖሮ! ግን ሌላ ቤት ለማየት ቀጠሮ ነበረኝ፤ እንደ ልማዴ ልወጣ እቸኩል ነበር።

የዱባ ፍሬ ገዝቻለሁ። ሌላ ሳህንም በገዛ እጄ በስቻለሁ፤ አንዲት ቀዳዳ፣ ጠርዟን በሞረድ አለስልሻታለሁ። ሹፌሩ ግን የሚነሣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ጊዜ ቀድሞኛል፤ ሳልተኛ አስባለሁ፤ ሌላ መንገድ የለም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ አይቆጡ። ያቺን ሦስት ጭራሮ ደጋግሜ አሰብኳት። እማማ በሁለት ቀን ሦስት ጭራሮ ብቻ የሚለቅሙ ሰው ናቸው?

አፈሩን ከእንግዲህ አይቆፍሩት።

ከዚህ ቤት አልወጣም። መልስዎ እስኪደርሰኝ የዚህኛውም ቤት እርጥበት ይጫወትብኝ።

የልጅ ልጅዎ

—

ሰኔ 3

ይድረስ ለልጄ፣ ከተሳፈረችበት ወርዳ ለተቀመጠችው፣

ፈጣሪ የተቀመጥሽበትን ያሙቅልሽ፤ እርጥበቱንም ያድርቅልሽ።

ብዙ ቀን ዝም አልኩሽ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀድሞ ነው፤ ግን ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ ግራ ገባኝ። ቀለም እየነከርኩ ተነሣሁ፣ እየነከርኩ ተነሣሁ። አሁን ልንገርሽ።

በቅሏል።

በዘራሁ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ሄድኩ። መጀመሪያ ያየሁት የመጀመሪያውን መስመር ነው፤ ባዶ። ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ መላጣ። አለቀልኝ ብዬ ቀና ስል ሁለተኛው መስመር ላይ አፈሩ ተሰነጣጥቋል። ተንበረከክሁ። ሁለት ቅጠል፤ ጎኑ ሁለት ቅጠል፤ ጎኑ ሁለት ቅጠል። አንድ ተኩል እርምጃ ሄድኩ፤ እንደገና ሦስት። አሥራ አምስቱንም መስመር በጉልበቴ ዞርኩ። የትም ቦታ ሦስት ሦስት።

አንድ ለወፍ፣ አንድ ለጉንዳን፣ አንድ ለኛ።

ልጄ፣ እንደዚያ ተንበርክኬ ስንት እንደቆየሁ አላውቅም። ሁሉም ነገር በዓይኔ መጣ። የመጀመሪያውን መስመር ጨርሼ ዓይኔን ስጨፍን ሳጥኑን ከፍታ አይታዋለች፤ ፍሬው እንደ ሞላ ነው። ገብቷታል። ልትነግረኝ ትችል ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቀንድ አውጣ ካልኳት በኋላ «ማሽንህ አይሠራም» ብላ በሠፈሩ ልታስቅብኝ ትችል ነበር። እሷ ግን በየመስመሩ ጫፍ ፍሬ በቀሚሷ እየዘገነች፣ እኔ ደረቴን ነፍቼ «ቀጭ ቀጭ» ስል፣ ከኋላዬ ሁለት ቀን ተጎንብሳ ሄዳለች። ማጉረምረሟን እንኳ ዋጥ አድርጋ! እኔ ደግሞ ወደ ኋላ አላይም፤ አባቴ በኩርኩም አስተምሮኛላ።

ቤት ገባሁ። እሷ ሽንኩርት ትልጣለች።

«በቀለ» አልኳት።

«ይብቀላ» አለች፤ ቀና አላለችም። «ማሽን አይደል?»

አየሽ ጉዱን! ማሐላዋን አፍርሳለች። ያቺ የማለችውን የማታጥፍ ሴትዮ! ዕድሜዬን ሙሉ እሷን የምይዝበት እንዲህ ያለ ነገር ስፈልግ ኖሬያለሁ፤ ጎረቤት ሰብስቤ ለዐሥር ዓመት የማላግጥበት ቀልድ ነው። ምላሴ ላይ ደረሰ። እዚያው ቆመ። መድኃኒት ዋጥ እንደተባለ ሕፃን ዋጥኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ በጣም መራራ ነው፤ አትሞክሪው።

ትናንት ሳይሆን ከትናንት ወዲያ፣ በቀጠሮው ሚዛኑ መጣ። ሁለት ጡብ ሠሪዎችም አስከትሎ ነበር፤ አንደኛው ገና ሳይገባ አፈሩን በጣቱ ያሽ ነበር። አጎትሽ ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ ሲያይ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ እንደ ልማዱ ቆጠራ ገባ።

«አባባ፣ ማሽኑ ሦስት ሦስት ነው እንዴ የሚጥለው?»

እኔ አያትሽን አየሁ። አያትሽ ሰማይ አየች።

«ደግ ማሽን ነው» አለች። «ለወፍም ያስባል።»

«የመጀመሪያው መስመር ታዲያ ለምን ባዶ ሆነ?»

«ያኔ ገና መልመዱ ነበር» አለች፤ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

ሚዛኑ ማሽኑን ዞር ዞር ብሎ አየው። ጎንበስ ብሎ ሳህኑን ሊነካ ሲል፣ «አትንካ!» አልኩት። «በዘር ወቅት ባዕድ እጅ ካረፈበት ይበላሻል።» ይህን ሕግ እዚያው ነው የፈጠርኩት። እጁን ሰበሰበ። ጡብ ሠሪዎቹ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው ሄዱ። እሱም ቃሉን ጠበቀ፤ መሬቱ የኛ ነው፤ ከእንግዲህ የኪራይ ነገር አይነሣም።

ሰዎቹ ሲሄዱ ሁለታችን አጥሩ ሥር ቀረን። ከበቀለ ወዲህ ሦስት ሳምንት ያልተባባልነው ነገር ሁሉ መሃላችን ተቀምጧል። እኔ አንድ ነገር ልል እፈልጋለሁ፤ ይቅርታ የሚባለው ነገር ግን እንዳልሽው ከጥርሴ አይነቀልም። ጉልበቷን ስታሸት አየሁና፣

«ለከርሞ ማሽኑን ልሽጠው መሰለኝ» አልኳት።

«ለምን ትሸጠዋለህ? ጎበዝ ነው» አለች። ቀጥላም፣ «ብቻ ንገረው፤ ለከርሞ ቀስ ብሎ ይሂድ። ከኋላው ሰው አለ።»

«እነግረዋለሁ» አልኳት።

ስለዚህ ልጄ፣ የበሳሽውን ሳህን አትላኪው። ሹፌሩ ጭኖት ከሆነም አስወርጂው። ፍሬውን ግን ላኪ፤ ለባዶዋ መስመር አሁንም አልረፈደም፤ በድሮው እንጨት ነው የምንዘራት። አንቺም ከዚያ ቤት ቶሎ እንዳትወጪ፤ አያትሽ ልትጽፍልሽ ነው፣ እሷ ደግሞ ደብዳቤ ስትጽፍ ቀስ ብላ ነው።

የጤናና የዕረፍት ዓመት ያድርግልሽ።

አያትሽ፣ ቀንድ አውጣው